ኳሷ ከእጁ ከወጣች በኋላ

በሜልቦርን የቅዳሜ ጨዋታ ሲያልቅ ስለ አማካዮች የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ኳስ አገኘ?» የሚል ነው። 35 ጊዜ ኳስ ይዞ ያቀበለ ወይም የመታ አማካይ በማግስቱ ይወደሳል፤ 18 ላይ የቀረው «ዛሬ ጠፋ» ይባላል። ይህ ስንዴውንና ገለባውን አንድ ላይ የሚመዝን ሚዛን ነው። በአውስትራሊያ ፉትቦል የአንድ አማካይ ሥራ ጥራት የሚታወቀው ኳሷን ከመያዙ በፊት ባለችው ሰከንድና ኳሷ ከእጁ ከወጣች በኋላ ባለችው ሰከንድ ነው ብዬ አምናለሁ። የጨዋታ ዘመኑ ሙሉ ሲታይ ደግሞ የሚለካው ሰውነቱ በተለወጠ ቁጥር ጨዋታውንም መለወጥ ችሏል ወይ በሚለው ነው።

ስፖርቱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሜዳው ሞላላ ነው፤ መጠኑም ከስታዲየም ስታዲየም ይለያያል፤ የታላቁ የሜልቦርን ክሪኬት ሜዳ፣ የኤምሲጂ፣ ርዝመት ወደ 160 ሜትር ይጠጋል። በእያንዳንዱ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል። በረኛ የለም፤ ከጨዋታ ውጪ የሚባል ሕግም የለም። በየጫፉ አራት ቋሚዎች አሉ፤ በመሃለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል በእግር ተመትታ የገባች ኳስ 6 ነጥብ፣ ከእነሱ ግራና ቀኝ ያለፈች 1 ነጥብ ታስገኛለች። ኳስ መወርወር ክልክል ነው፤ ወይ በእግር ይመቷታል፣ ወይ በአንድ መዳፍ ይዘው በሌላው እጅ ቡጢ መትተው ያቀብሏታል። 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የተጓዘች ምትን መሬት ሳትነካ የጨበጠ ተጫዋች «ማርክ» አገኘ ይባላል፤ ማንም ሳይነካው ተረጋግቶ የመምታት መብት አለው። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ቢያንስ በየ15 ሜትሩ መሬት ሊያስነካት ይገባል። የመልቀቅ ዕድል እያለው ኳሷን ታቅፎ ከተያዘ ቅጣት ምቱ ለተቃራኒ ነው። ጨዋታው አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ቢሆንም የባከነው ሰዓት ሲታከልበት ወደ ግማሽ ሰዓት ይደርሳል።

እያንዳንዱ ግብ ከተቆጠረ በኋላ ኳስ ወደ መሃል ትመለሳለች። በ50 በ50 ሜትሩ የመሃል አራት ማዕዘን ውስጥ ከየቡድኑ አራት ሰው ብቻ ይቆማል። ራክ የሚባሉት ሁለቱ ረጃጅሞች ዘለው ኳሷን በእጃቸው ወደ ጓደኞቻቸው ይገፋሉ። የቀሩት ሦስት ሦስት ሰዎች፣ አማካዮቹ፣ የዚህ ጽሑፍ ባለታሪኮች ናቸው። ከ2019 ጀምሮ ሕጉ ቡድኖች በዚያች ቅጽበት 6 ሰው ከፊት፣ 6 ከኋላ፣ 6 በመሃል እንዲያቆሙ ያስገድዳል። ስለዚህ ኳሷን ቀምቶ ከመሃል የወጣ አማካይ ከፊቱ ሰፊ ሜዳ ያገኛል። አንድ ቡድን በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተከታታይ ግቦች አስቆጥሮ ጨዋታ የሚገለብጠው ብዙ ጊዜ ከዚህ ቦታ ተነስቶ ነው።

እንግዲህ ከኳሷ በፊት ወዳለችው ሰከንድ እንሂድ። አብዛኛው ተመልካች የሚዘሉትን ያያል፤ እናንተ የማይዘሉትን እዩ። ደካማው አማካይ ኳሷ የምትወርድበትን ቦታ የሚያውቀው ከወረደች በኋላ ነው፤ ከኋላ ደርሶ እጁን በተቃራኒው ትከሻ ላይ ይዘረጋል። ጥሩው ግን የራኩን የእጅ አቅጣጫና የተቃራኒውን እግር አንብቦ አስቀድሞ ይንቀሳቀሳል፤ ኳሷ ስትደርስ ዳሌው በእሷና በባላጋራው መካከል ገብቷል። ላቺ ኒል በ2011 ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ 58ኛ ሆኖ ነው የተመረጠው፤ ቁመቱ 177 ሴንቲ ሜትር ነው። ከእሱ በፊት 57 ወጣቶች ሲጠሩ የተመልማዮቹ ቁመትና ሩጫ በጥንቃቄ ተለክቶ ነበር፤ ኳስ የት እንደምትወድቅ ቀድሞ የማወቅ ችሎታ ግን በሜትርም በሰዓትም አይለካም። ኒል በፍሪማንትል ጀምሮ ወደ ብሪስቤን ከተዛወረ በኋላ በ2020 እና በ2023 የአውስትራሊያ ፉትቦል ሊግን ታላቅ የግል ሽልማት፣ የብራውንሎው ሜዳሊያን፣ ወስዷል። በ2024 ደግሞ ከብሪስቤን ጋር ዋንጫ አንስቷል።

ከኒል ጋር የካርልተኑን ፓትሪክ ክሪፕስን አስተያዩት። ክሪፕስ 195 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት ሰው ተንጠልጥሎበት እንኳ ክንዶቹን ከፍ አድርጎ ነፃ ስለሚያቆይ ኳሷን በቡጢ ለጓደኛው ያደርሳል። አንዱ በቁመቱ፣ ሌላው በቅልጥፍናው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። አማካይን በመልኩ አትመዝኑ የምለው ለዚህ ነው። በዚህ ረገድ እንደ ግሬግ ዊልያምስ ያለ ምስክር የለም። ካርልተን ሞክሮት ቀርፋፋ ነው ብሎ መለሰው። እሱም በ1984 በጂሎንግ ጀመረ፤ ወደ ሲድኒ ሄዶ በ1986 ብራውንሎውን ተጋርቶ ወሰደ፤ በመጨረሻም ራሱ ካርልተን አስመጣው። በ1994 ሁለተኛውን ብራውንሎው አገኘ፤ በ1995 የፍጻሜ ጨዋታ ደግሞ 5 ግብ አስቆጥሮ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የኖርም ስሚዝ ሜዳሊያ አጠለቀ። እግሩ እስከ መጨረሻው ቀርፋፋ ነበር። የእጁ ፍጥነትና ያየውን የማመን ድፍረቱ ግን ሯጮቹን ሁሉ ያስከነዳ ነበር።

ከቦታ አያያዝ ቀጥሎ እጅን እዩ። ኳሷ ሞላላ ስለሆነች መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትነጥር አይታወቅም፤ በክረምቱ ዝናብ ደግሞ ትንሸራተታለች። ከጉልበት በታች ያለችውን ኳስ በአንድ ማጎንበስ ጨብጦ የሚነሳ አማካይ ብርቅ ነው። አንዴ ከእጁ ያመለጠችው ሰው ድጋሚ እስኪያነሳት ድረስ ሁለት ሰው ይደርስበታል። ይህ በስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ ላይ ጎልቶ አይታይም፤ እኔ ግን ወጣት አማካይ ስመለከት ከሁሉ በፊት የማየው ይህንን ነው። ሌላው ሁሉ በልምምድ ይሻሻላል፤ ንጹህ እጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከልጅነት ጋር አብሮ የመጣ ነው።

አሁን ኳሷ ተይዛለች። ዋናው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዓይናችሁን ከአማካዩ ላይ አንሱና ተቀባዩን እዩ። ተቀባዩ ሩጫውን ሳያቋርጥ፣ ሳያጎነብስ፣ ፊቱ ወደ ግብ እንደዞረ ከተቀበለ አቀባዩ ሥራውን ሠርቷል። ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ባላጋራ እየተንጠለጠለበት ከተቀበለ ግን አቀባዩ የራሱን ችግር ለጓደኛው አሻግሯል። በሠንጠረዡ ላይ ሁለቱም እኩል አንድ አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። የእግር ምትም እንደዚሁ ነው። ተጨንቆ ወደ ላይ የተመታች ኳስ 50 ሜትር ብትጓዝም ተከላካዮች ተሰብስበው የሚጠብቋት ናት። ወደሚሮጠው አጥቂ ደረት ዝቅ ብላ የተላከች የ30 ሜትር ምት ግን ማርክ ታስገኛለች፤ ማርኩም ግብ የመሞከሪያ ዕድል ነው።

ሆውቶርን በ2001 ድራፍት በ36ኛ ምርጫ የወሰደው ሳም ሚቸል ፈጣን አልነበረም። የቀኝም የግራም እግሩ ግን እኩል ይመታ ስለነበር የሚከላከለው ሰው በየትኛው ጎን እንደሚወጣ መገመት አይችልም። አንድ እግር ብቻ ያለው ተጫዋች ኳሷን ወደሚመቸው ጎን ለማዞር ሁለትና ሦስት እርምጃ ያባክናል፤ ሚቸል ያን አያባክንም ነበር። አራት ዋንጫ አነሳ፤ በ2008 አምበል ሆኖ፣ ከዚያም በ2013፣ በ2014 እና በ2015። ዛሬ ያንኑ ክለብ ያሠለጥናል።

ስለ ስኮት ፔንድልበሪ ግን ሰፋ አድርጌ መናገር አለብኝ። ከቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር የሴል ከተማ ልጅ ነው። ወጣት ሳለ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር፤ በአውስትራሊያ ስፖርት ኢንስቲትዩት የነበረውን የቅርጫት ኳስ ቦታ ትቶ ወደ ፉትቦል ሲመጣ ቦታውን የያዘው ኋላ በኤንቢኤ ሻምፒዮን የሆነው ፓቲ ሚልስ ነው። ኮሊንግውድ በ2005 ድራፍት በ5ኛ ምርጫ ወሰደው። የፔንድልበሪን ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚያዩ ሰዎች «ለእሱ ሰዓቱ ይቆምለታል» ይላሉ። ምን እንደሚያደርግ በደንብ ካያችሁት ግን ምስጢሩ ግልጽ ነው። ግርግር ውስጥ ኳሷን ሲይዝ ወዲያው አይለቃትም። ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ለጓደኛው ሊያቀብል እንደሆነ ያሳያል፤ ባላጋራው ወደዚያ ግማሽ እርምጃ ያዘነብላል፤ ፔንድልበሪም ያቺን ግማሽ እርምጃ ወስዶ በሌላው ጎን ይወጣል። ይህ የቅርጫት ኳስ አስተምህሮ ነው፤ ኳሷን አሳይቶ ተከላካዩን ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ የተከፈተውን መጠቀም። ጎበዝ አማካዮች ሁሉ ፈጥነው ይሠራሉ፤ ፔንድልበሪ ግን ሌላውን አዘግይቶ ይሠራል። ይህ ከሁሉ የላቀ የሥራ ጥራት ነው እላለሁ።

የቅርጫት ኳስ ነገር ከተነሳ ኤሪን ፊሊፕስን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በአሜሪካ የሴቶች ሊግ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ሆና፣ በ2008 ኦሊምፒክ ብር አግኝታ፣ የሴቶች የፉትቦል ሊግ በ2017 ሲጀመር ወደ አገሯ ጨዋታ ተመለሰች። በመጀመሪያው ዓመትና በ2019 የሊጉ ምርጥ ተብላለች። የ2019ኙን ፍጻሜ 53,034 ሰው በአደሌድ ተመለከተው፤ ፊሊፕስ የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ በቃሬዛ ከወጣች በኋላም የጨዋታው ምርጥ ተብላ ተሸለመች። ከግርግር መሃል ራሷን ቀና አድርጋ ስታይ ያየ ሰው ከፔንድልበሪ ጋር ያላትን ዝምድና ወዲያው ይረዳል።

ወደ ቁጥር ጉዳይ ልመለስ። ቶም ሚቸል በ2018 የመጀመሪያ ሳምንት በኮሊንግውድ ላይ 54 ጊዜ ኳስ በማቀበልና በመምታት የሊጉን ክብረ ወሰን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ብራውንሎውንም ወሰደ። ያን ጨዋታ ደግሞ የሚያይ ሰው ብዙዎቹ ቅብብሎች አጫጭርና በቅርብ ላለ ጓደኛ የተሰጡ መሆናቸውን ያስተውላል። ይህን የምለው ሚቸልን ለማሳነስ አይደለም፤ ግርግር ውስጥ እየደጋገሙ መግባት ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። በ2019 መጀመሪያ እግሩ ተሰብሮ ሙሉ የውድድር ዘመን አለፈው። ወደ ኮሊንግውድ ተዛውሮ በ2023 ዋንጫ ሲያነሳ ግን እንደ ቀድሞው ብዙ ኳስ አያገኝም ነበር፤ የሚያገኛቸውን ሌሎቹ በነፃነት እንዲሮጡ ለማድረግ ያውላቸው ነበር። ለእኔ የ2023ቱ ሚቸል ከ2018ቱ ይበልጣል።

ቴሌቪዥን ኳሷን ስለሚከተል የማያሳያችሁ አንድ ነገር አለ። አማካይ በአንድ ጨዋታ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ አብዛኛውን ያለ ኳስ ነው። ቡድኑ ኳስ ባጣባት ቅጽበት ፊቱን ለማዞር ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ወደ ራሱ ግብ የሚደረገው የ80 ሜትር ሩጫ ማንም የማያጨበጭብለት ነው። ከግርግሩ ዳር ቆሞ ቀላል ኳስ የሚጠብቅ አማካይ ቁጥሩ ያምራል፤ የሚሸነፍ ቡድን ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች ይበዛሉ። በተቃራኒው የጂሎንጉ ካሜሮን ሊንግ የጨዋታ ዘመኑን የገነባው የባላጋራን ምርጥ አማካይ እንደ ጥላ በመከተል ነው፤ በ2011 ዋንጫውን በአምበልነት አንስቶ ጫማውን ሰቀለ። ጥላ የተለጠፈበት ኮከብም በዚያ ቀን ይፈተናል። የሚናደድና ከዳኛ ጋር የሚጨቃጨቅ አለ፤ ጥላውን ወደ ዳር ይዞ ሄዶ ለጓደኛው መሃሉን የሚከፍትም አለ። ሁለተኛው 15 ኳስ ብቻ ቢያገኝም ጥሩ ተጫውቷል።

አንድን ጨዋታ መዳኘት ቀላሉ ነው፤ የጨዋታ ዘመንን መዳኘት ይከብዳል። ወጣቱ በ18 ዓመቱ ይመረጣል፤ ብዙዎቹ በክንፍ ወይም ከፊት ተጀምረው ነው ወደ መሃል የሚገቡት። ጋሪ አብሌት ታናሹ እስከ 2006 አጥቂ ነበር፤ በ2007 ወደ መሃል ገብቶ ጂሎንግ ከ1963 በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ የሊጉ ድንቅ ሆነ። በ2009 ብራውንሎውን ወሰደ፤ አዲስ ወደተመሠረተው ጎልድ ኮስት ሄዶ በ2013 ደገመው። አሸናፊ ቡድን ውስጥም ጀማሪ ቡድን ውስጥም እኩል መጫወት መቻል የጥራት ማረጋገጫ ነው።

ክሪስ ጀድ በዌስት ኮስት ሳለ ከመሃል ተፈትልኮ ሲወጣ የሚደርስበት አልነበረም። በ2004 ብራውንሎው፣ በ2005 ቡድኑ በተሸነፈበት ፍጻሜ የኖርም ስሚዝ ሜዳሊያ፣ በ2006 በአንድ ነጥብ ልዩነት የተገኘ ዋንጫ በአምበልነት። ከዚያ ብሽሽቱ ታመመ፤ ያ ፍንጣቂ ፍጥነት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ካርልተን ሄዶ ግርግር ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚቆፍር ሠራተኛ ሆነ፤ በ2010 ሁለተኛውን ብራውንሎው አገኘ። ሁለቱን ሜዳሊያዎች የወሰዱት ሁለት የተለያዩ ተጫዋቾች ናቸው ማለት ይቻላል። የሪችመንዱ ደስቲን ማርቲን ደግሞ በሌላ ይለካል። በአንድ ክንዱ ገፍቶ የሚያመልጠውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል፤ ሦስት ጊዜ የኖርም ስሚዝ ሜዳሊያ ያጠለቀ ግን እሱ ብቻ ነው፤ በ2017፣ በ2019 እና በ2020። የፍጻሜ ጨዋታዎች በሚደረጉበት በመስከረም የሚበልጥ ተጫዋች በግንቦት ቢያንስም ይቅር ይባልለታል።

ስለ ድፍረትም መናገር ያስፈልጋል፤ በቀላሉ የማላየው ጉዳይ ነውና። የሜልቦርን ክለብ አማካይ አንገስ ብሬሾ የ2021 ዋንጫ ባለቤት ነበር፤ በ2023 የማጣሪያ ጨዋታ ጭንቅላቱ ተመትቶ በ2024 መጀመሪያ፣ በ28 ዓመቱ፣ በሐኪሞች ምክር ጨዋታ አቆመ። ዛሬ ጭንቅላቱ የተናወጠ ተጫዋች ቢያንስ 12 ቀን ሳይጫወት ይቆያል። ድሮ ጭንቅላትን አስቀድሞ ኳስ ላይ መጣል ጀግንነት ይባል ነበር፤ ያን አድናቆት መተው አለብን። ጎኑን አዙሮ፣ ሰውነቱን ጠብቆ ኳሷን የሚያነሳ አማካይ ፈሪ አይደለም፤ ሙያውን የተማረ ነው።

ሽልማቶችስ? ብራውንሎው ከ1924 ጀምሮ ይሰጣል፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የሜዳ ዳኞች ለሦስት ተጫዋቾች 3፣ 2 እና 1 ነጥብ ይሰጣሉ። በዓመቱ የታገደ ተጫዋች አይሸለምም። ዳኞቹ ቀኑን ሙሉ ኳሷ ዘንድ ስለሚውሉ የሚያዩት ኳስ ዘንድ የሚውለውን ሰው ነው፤ ባለፉት 20 ዓመታት ያሸነፉት ከሞላ ጎደል ሁሉም አማካዮች የሆኑት ለዚህ ነው። ክሪፕስ በ2024 ያገኘው 45 ነጥብ ክብረ ወሰን ነው፤ ይገባዋልም። ሜዳሊያው ግን ብዙ የሚታየውን ሥራ ይሸልማል፤ ወደ ኋላ የተሮጠውን 80 ሜትር አይሸልምም።

ይህን ሁሉ ለማየት የግድ ኤምሲጂ መሄድ አያስፈልግም። በሜልቦርን ምዕራብ ለምትኖሩ፣ ፉትስክሬይ ለእንጀራና ለቡና ለምትመላለሱ ወገኖቼ፣ የዌስተርን ቡልዶግስ ቤት የሆነው ዊተን ኦቫል እዚያው ሰፈር ነው። ክለቡ እስከ 1996 ፉትስክሬይ ተብሎ ይጠራ ነበር፤ በዋናው የወንዶች ሊግ ከ1954 በኋላ ያገኘው ዋንጫ የ2016ቱ ብቻ ነው። እዚያ የሁለተኛ ቡድንና የሴቶች ጨዋታዎች ይካሄዳሉ፤ ከአጥሩ ሥር ቆሞ የተጫዋቾቹን ጥሪ መስማት ይቻላል። አንድ አማካይ ምረጡ፤ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ኳሷን ትታችሁ እሱን ብቻ ተከተሉ።

የራሴን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ በዚህ ክፍለ ዘመን ካየናቸው አማካዮች ሁሉ ፔንድልበሪን አስቀድማለሁ። ቁጥር አትመኑ ብዬ ስናገር በሊጉ መዝገብ ከማንም በላይ ኳስ ያቀበለና የመታ ሰው እሱ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ቁጥሩ የመጣው ግን የሥራው ጥራት ይህን ያህል ዓመት ስላቆየው ነው። በ2010 ከሴንት ኪልዳ ጋር በእኩል ነጥብ ያለቀው ፍጻሜ ሲደገም፣ በ22 ዓመቱ፣ የኖርም ስሚዝ ሜዳሊያን ወሰደ። በ35 ዓመቱ፣ አምበልነቱን ለዳርሲ ሙር አስረክቦ፣ የ2023ቱን ዋንጫ በ4 ነጥብ ልዩነት አነሳ። በመሃሉ አንዳንዴ ወደ ኋላ መስመር ተዛውሮ ተጫውቷል፤ በ2024 ደግሞ 400ኛ ጨዋታውን አደረገ። የክለቡን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት አምስት ጊዜ ወስዷል። ብራውንሎውን ግን እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ አንድም ጊዜ አላገኘም።